ስላብ ሰሪፍ፣ እኩል ወርድና «ላሊበላ» የሚለው ቃል

የላስታን ገዳማትና አድባራት ብራናዎች የሚያጠና ተመራማሪ አንድን ገጽ ወደ ኮምፒውተር በሚገለብጥበት ጊዜ የሚጠቀመው መሣሪያ ለመጽሐፍ ኅትመት የተሠራ ፕሮግራም ላይሆን ይችላል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረውን «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘውን የብራና ጥናት ፕሮጀክት የመሰሉ ሥራዎች፣ ንባቡንና የብራናውን መግለጫ በኤክስኤምኤል ሥርዓት ምልክት እያደረጉ ያስቀምጣሉ። ይህን ዓይነቱ ጽሑፍ የሚዘጋጀው በኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ሲሆን፣ ኮድ መጻፊያው ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል እኩል ወርድ የሚይዝበትን ፎንት ይመርጣል። እዚህ ላይ ችግሩ ይጀምራል። የላቲኑ ምልክት በረድፍ በረድፉ ቀጥ ብሎ ሲሰለፍ፣ በመካከሉ ያለው የግእዝ ንባብ የራሱ የሆነ እኩል ወርድ ያለው ቅርጽ ስለማያገኝ ከሌላ ፎንት ተውሶ ይመጣል፤ መስመሩ ይዛባል፣ ዓምዱ ይፈርሳል።

ለዚህ ችግር ቀላል የሚመስል መፍትሔ አለ። የላቲን ፊደል እኩል ወርድ እንዲይዝ ያስቻለውን ዘዴ፣ ማለትም ስላብ ሰሪፍ የሚባለውን የፊደል አጨራረስ፣ ለግእዝ ፊደልም ማዋል ነው። ይህ መጣጥፍ ዘዴው ለግእዝ ፊደል ለምን እንደማይስማማ፣ ይሁን እንጂ እኩል ወርድ ራሱ ለላስታ ብራናዎች ጥናት ለምን እንደሚያስፈልግ ያብራራል።

የኩሪየር ዘዴ

በሜካኒካል የጽሕፈት መኪና ላይ አንድ ቁልፍ በተመታ ቁጥር ወረቀቱን የያዘው ክፍል በአንድ ጥርስ ወደ ግራ ይንሸራተታል። ጥርሶቹ እኩል ስለሆኑ ሰፊውም ፊደል ጠባቡም ፊደል የሚያገኘው ቦታ አንድ ነው። በተለመደው መጠን በአንድ ኢንች ውስጥ 10 ፊደላት ይሰፍራሉ፤ እያንዳንዱ ፊደል 2.54 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል ማለት ነው። አነስ ባለው መጠን ደግሞ በአንድ ኢንች 12 ፊደላት ይገባሉ።

ሆኖም የላቲን ፊደላት በተፈጥሯቸው እኩል አይደሉም። «ኤም» ተብሎ የሚጠራው ፊደል ሦስት እግር ሲኖረው «አይ» እና «ኤል» የሚባሉት ትንንሽ ፊደላት ግን ከአንድ ዘንግ በቀር ምንም የላቸውም። አንድ ዘንግ በሰፊ ቦታ መካከል ብቻውን ሲቆም በግራና በቀኙ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ቃሉም የተሰነጣጠቀ ይመስላል። ሰሪፍ የሚባለው በዘንግ ጫፍ ላይ የሚጨመር አነስተኛ አግድም ጭረት ነው። ይህ ጭረት እንደ ዘንጉ ወፍሮ፣ ጫፉም እንደ ጡብ ማዕዘን ቀጥ ብሎ ሲቆረጥ ስላብ ሰሪፍ ይባላል። የጽሕፈት መኪና ፊደል ነዳፊዎች ጠባቡን ፊደል ከላይና ከታች በረጅም ሰሪፍ በማስፋት የተረፈውን ባዶ ቦታ ሞሉት። ሃዋርድ ኬትለር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ለአይቢኤም ኩባንያ የነደፈው ኩሪየር የዚህ ዘዴ ዝነኛው ውጤት ነው። ኩባንያው ቅርጹን በብቸኝነት መብት ስላላጠረው ኩሪየር በሌሎች አምራቾችም ተሠራጨ፤ ከጽሕፈት መኪናው በኋላም በኮምፒውተር ዘመን ኖረ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይፋዊ ሰነዶቹን እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ በኩሪየር ያዘጋጅ ነበር። የሆሊውድ ፊልም ጸሐፊዎች ዛሬም የፊልም ጽሑፋቸውን በ12 ነጥብ ኩሪየር ይጽፋሉ፤ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል የሚለው የቆየ ግምት የተመሠረተው በፊደሉ እኩል ወርድ ላይ ነውና። (ግምቱ ወደ አማርኛ ቢመጣ ይፋለሳል። በአማርኛ አንድ ፊደል በአብዛኛው አንድ ቀለም ስለሚይዝ፣ ያው አንድ ገጽ ብዙ ተጨማሪ ንግግር ያዝላል።)

የኩሪየር ሰሪፍ በዚህ መሠረት ጌጥ አይደለም ማለት ይቻላል፤ የቦታ ማከፋፈያ መሣሪያ ነው። ያለ ድምፅና ያለ ትርጉም የሚጨመር መሆኑ ግን ወሳኝ ነው። የላቲን አንባቢ በዘንጉ ግርጌ ጭረት ቢኖርም ባይኖርም ፊደሉን ያንኑ ፊደል አድርጎ ያነበዋል።

ጭረቱ ድምፅ በሆነበት ፊደል

በግእዝ ፊደል ነገሩ የተለየ መሆኑን ለማየት «ላሊበላ» የሚለው ቃል ብቻ ይበቃል። በቃሉ ውስጥ ያሉት አራት ፊደላት ከሁለት ቤተሰቦች የመጡ ናቸው፤ «ለ» እና «በ»። ሁለቱም ሁለት እግር አላቸው። «ላ» ራብዕ የሆነው የግራ እግሩ ስላጠረ ነው። «ሊ» ሣልስ የሆነው በቀኝ እግሩ ግርጌ ወደ ቀኝ የወጣች አንዲት አጭር አግድም ጭረት ስላለችው ነው። «በ» ግእዝ የሆነው ደግሞ ሁለቱ እግሮቹ እኩል ስለሆኑና በግርጌያቸው ምንም ስለሌለ ነው። አሁን አንድ ነዳፊ የኩሪየርን ሥርዓት ተከትሎ ከእያንዳንዱ እግር በታች ግራና ቀኝ የወጣ ስላብ ሰሪፍ ቢያደርግ «በ» ወደ «ቢ» ይጠጋል፤ «ሊ» በበኩሉ ከሌሎቹ የሚለይበትን ብቸኛ ምልክት ያጣል፤ የ«ላ» አጭር እግርም ከሥሩ ጭረት ሲጨመርለት እጥረቱ ይደበዝዛል። የከተማው ስም ራሱ «ላሊቢላ» ተብሎ ሊነበብ ነው።

ባለ አንድ እግር ፊደላት ላይ ችግሩ የበለጠ ይጠነክራል። «ተ» ከግርጌው ወደ ቀኝ ቢሰመርበት «ቲ»፣ ወደ ግራ ቢታጠፍ «ታ» ይሆናል። ስላብ ሰሪፍ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚወጣ ጭረት ነው። ስለዚህ ሰሪፍ የለበሰ «ተ» የ«ታ» እና የ«ቲ» ምልክቶችን በአንድ እግር ላይ ይሸከማል፤ አንባቢም በምን እንደሚለየው አያውቅም። «ቀ»ም እንዲሁ ነው፤ «ቂ» እና «ቃ» የሚለዩት በግርጌው ጭረት አቅጣጫ ነውና። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከፍ ብሎ እንደተገለጸው በላቲን በኩል ሰሪፍ በይበልጥ የሚፈለገው በእነዚሁ ጠባብና ባለ አንድ ዘንግ ፊደላት ላይ መሆኑ ነው። እርዳታው በሚፈለግበት ቦታ ሁሉ ቦታው አስቀድሞ በድምፅ ምልክት ተይዟል።

ግርጌው ከተያዘ ራሱ ይቀራል ሊባል ይችላል። ራሱም ነጻ አይደለም። አማርኛ ከግእዝ በተረከበው ፊደል ላይ የራሱን ድምፆች ሲጨምር የተጠቀመበት ዘዴ በነባሩ ፊደል አናት ላይ አግድም መስመር ማድረግ ነበር፤ ከ«ሰ» «ሸ»፣ ከ«ነ» «ኘ»፣ ከ«ደ» «ጀ» የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። «ላስታ» በሚለው ስም ውስጥ ያለው «ስ» አናቱ ላይ ወፍራም ሰሪፍ ቢደረግበት «ላሽታ» ይሆናል። በአጭሩ፣ ለላቲን ፊደል ነዳፊ ትርፍ የሆኑት ሁለቱ ጫፎች ለግእዝ ፊደል ነዳፊ ሥራ ላይ ያሉ ናቸው፤ ግርጌው ለአናባቢ፣ አናቱ ለተነባቢ።

ይህ ከውበት ያለፈ ጉዳይ ነው። በግእዝ ቋንቋ የአንድ ፊደል ከሳድስ ወደ ግእዝ መለወጥ የቃሉን ሙያ ይለውጣል፤ «ንጉሥ» ባለቤት ሲሆን «ንጉሠ» ተሳቢ ወይም ዘርፍ ያዥ ነው። የብራናን ንባብ ከሌላ ብራና ጋር የሚያስተያይ ሰው የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ልዩነት ነው። የጸሐፊውን ስሕተት ከፎንቱ ጭረት መለየት ያልቻለ አስተያያሪ ልዩነት በሌለበት ልዩነት ይመዘግባል፤ ያለውንም ያልፋል።

የጽሕፈት መኪናው ልምድ

የግእዝን ፊደል በእኩል ወርድ ለማስፈር የተደረገው ሙከራ አዲስ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የእንግሊዝኛውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ ለማዋል በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ያደረጉት ጥረት ይታወቃል፤ በኋላም ኦሊቬቲ ኩባንያ የአማርኛ የጽሕፈት መኪናዎችን አምርቷል። የእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ፈተና በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። አንድ ተራ የጽሕፈት መኪና ከ90 ብዙ የማይበልጡ ምልክቶችን ይይዛል። የአማርኛ ፊደል ግን 33ቱ ቤተሰቦች በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም።

መፍትሔው ፊደሉን መክፈል ነበር። አካሉ በአንድ ቁልፍ ይመታል፤ የአናባቢው ምልክት በሌላ ቁልፍ ይታከልበታል። ምልክቱ ሁልጊዜ በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ግን የፊደሎቹ አካል ሁሉ ለዚያ ቦታ እንዲመች ሆኖ መሠራት ነበረበት። በብራና ላይ ከፊደሉ ጋር አብሮ የሚወለደው ቅጥያ በመኪናው ላይ እንደ ተለጣፊ ሆነ። በዚያ ዘመን የተጻፉ የመንግሥት ደብዳቤዎችን ያየ ሰው ከአካላቸው ጥቂት የራቁትን የካዕብና የሣልስ ጭረቶች ያስታውሳል። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተነሣው «ፊደል ይሻሻል» የሚለው ክርክርም ከዚህ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን ጨምሮ ልዩ ልዩ ሰዎች የአናባቢ ምልክቶች ወጥ እንዲሆኑ የሚያደርግ ሐሳብ አቅርበዋል። መኪናው ለፊደሉ ይታረም ወይስ ፊደሉ ለመኪናው የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ኮምፒውተር ደረሰ።

ኮምፒውተሩ ክርክሩን በሌላ በኩል ዘጋው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው 3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ለእያንዳንዱ ቅርጽ የራሱን ቁጥር ሰጠ፤ «ላ» የ«ለ» እና የአንድ ቅጥያ ድምር መሆኑ ቀረና ራሱን የቻለ ፊደል ሆነ። የቁልፍ እጥረት በዚህ ተፈታ። የወርድ ጥያቄ ግን አልተፈታም።

በ600 ክፍል ውስጥ

የኩሪየር ቤተሰብ ፎንቶች በአብዛኛው የፊደሉን ቁመት መለኪያ 1000 ክፍል ብንል ለእያንዳንዱ ፊደል 600 ክፍል ወርድ ይሰጣሉ። በዚህ ውስጥ «ጠ» እንዴት እንደሚቀመጥ ማስላት ይቻላል። ለግራና ለቀኝ ሕዳግ 40፣ 40 ክፍል ይተው፤ የእያንዳንዱ ዘንግ ውፍረት 80 ይሁን። ሦስቱ ዘንጎች 240 ይወስዳሉ። የሚተርፈው 280 ለሁለት ክፍተቶች ሲካፈል 140፣ 140 ይደርሳል፤ ይህ በቂ ነው። «ጡ» ሲመጣ ግን የካዕቡ ቅጥያ ወደ ቀኝ 90 ክፍል ያህል ይፈልጋል። ክፍተቶቹ ወደ 95 ይወርዳሉ፤ ከዘንጉ ውፍረት እምብዛም አይበልጡም። እግሮቹ በየጎናቸው 40 ክፍል የሚወጣ ሰሪፍ ቢጨመርላቸው በሁለት እግሮች መካከል የሚቀረው 15 ክፍል ብቻ ነው። በ12 ነጥብ ፊደል ይህ ከአንድ ነጥብ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ በወረቀት ላይ ቀለሙ ይዋጠዋል፣ በማያ ገጽ ላይ ጨርሶ አይታይም። «ጨ» ከ«ጠ» በላይ ተጨማሪ ምልክት እንደሚሸከም ሲታሰብ ሒሳቡን መቀጠል አያስፈልግም።

እንግዲህ ለነዳፊው ሁለት መንገድ ይቀሩታል። አንደኛው ሰሪፉን ትቶ፣ ጠባቦቹን ፊደላት በአካላቸው ማስፋት፣ ሰፊዎቹን ደግሞ ዘንጋቸውን ማቅጠን ነው። የ«ቀ» ክብ ይሰፋል፣ የ«ተ» አግድም ክንድ ይረዝማል፣ የ«ጠ» ሦስት እግሮች ይሳሳሉ። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ የግእዝ ፊደል የሁለት ላቲን ፊደላትን ቦታ መስጠት ነው። ይህ ሁለተኛው መንገድ ለቻይንኛ ፊደላት የተለመደ ሲሆን ለግእዝም የተሻለው ይመስላል። «ላሊበላ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ፊደል ይፈጃል፤ በግእዝ አራት ነው። አራቱ በሁለት ሲባዙ ያው ስምንት ይሆናሉ፤ ስሙ በሁለቱም ፊደላት እኩል ርዝመት ያገኛል፣ ፊደሎቹም ይተነፍሳሉ።

ሆኖም መንገዱ በነዳፊው እጅ አይደለም። ተርሚናሎች የአንድን ፊደል ቦታ የሚቆጥሩት ፎንቱን አይተው ሳይሆን በዩኒኮድ የወርድ ሰንጠረዥ ተመርተው ነው። በሰንጠረዡ ቻይንኛ «ሰፊ» ተብሎ ሁለት ቦታ ሲሰጠው፣ የኢትዮጵያ ፊደል «ገለልተኛ» ከሚባሉት ጋር ተመድቧል፤ በተግባርም አንድ ቦታ ብቻ ይቆጠርለታል። ነዳፊው ፊደሉን በሁለት ቦታ ቢሥለው ተርሚናሉ ቀጣዩን ፊደል በላዩ ላይ ይደርብበታል። ኒያላ፣ አቢሲኒካና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን የመሳሰሉት ታዋቂ ፎንቶች ለመጽሐፍ ንባብ የተሠሩ፣ የየፊደሉ ወርድ የተለያየ በመሆኑ ለዚህ አገልግሎት አይተኩም። ስለዚህ በአሁኑ ሁኔታ ለኮድ መጻፊያ የሚሆነው ቅርጽ ሰሪፍ የሌለው፣ ዘንጉ የቀጠነ፣ ቅጥያዎቹ ግን ጎላ ያሉ መሆን ይኖርበታል።

የብራናው ዓምድ

የላስታ ጸሐፍት እኩል ወርድ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ቢሆንም ሥርዓታቸው ከተጠበቀው በላይ ለዚህ ይቀርባል። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ ካሰመረ በኋላ በተሰመረለት ዓምድ ውስጥ ፊደል በፊደል ይሞላል። ፊደሎቹ አይቀጣጠሉም። ቃላት በሁለት ነጥብ ይለያያሉ፤ መስመሩ ሲያልቅም ቃሉ በየትኛውም ፊደል ላይ ይቆረጥና ያለ ምንም ማያያዣ ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገራል። ለአውሮፓ አታሚ እንግዳ የሆነው ይህ ልማድ ለእኩል ወርድ ፎንት እጅግ የተመቸ ነው። ሁለት ነጥቡም ቢሆን የራሱን ሙሉ ቦታ መያዙ አያስከፋም፤ በኩሪየር ውስጥ የእንግሊዝኛዋ ነጥብ የምትፈጥረው ክፍተት እንከን ሲመስል፣ በግእዝ ጽሑፍ ግን ነጥቡ ያንን ቦታ ለብዙ ምዕት ዓመታት ይዞት ኖሯል።

አኃዞቹ ግን በተቃራኒው ናቸው። የግእዝ አኃዝ ከላይና ከታች መስመር አለው፤ ስላብ ሰሪፍን ከፊደሉ ሁሉ አስቀድሞ የለበሰው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ እኩል ወርድ ለሒሳብ ዓምድ የሚሰጠውን ጥቅም አያገኝም። ፳፩ ሁለት ምልክት ሲሆን ከእርሱ አምስት እጥፍ ሊሆን የተቃረበው ፻ አንድ ምልክት ነው፤ አሥሩ ከአሥር፣ መቶው ከመቶ በታች አይሰለፍም። በብራና መግለጫ ውስጥ ዓመተ ምሕረትና የቅጠል ብዛት በዓምድ ሲቀመጡ በተለመደው አኃዝ መጻፋቸው በዚህ ምክንያት ትክክል ነው።

እኩል ወርድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በዜማ መጻሕፍት ነው። በየዓመቱ በልደት በዓል በላሊበላ ቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር የሚሰማው ዜማ በቃል ብቻ የሚተላለፍ አይደለም፤ በድጓና በመሰል መጻሕፍት ከንባቡ በላይ በቀጭን ብዕር የሚጻፉ ምልክቶች አሉት። ከፊደል የተወሰዱ አጫጭር ምልክቶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱ ጋር ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት አሉ። ምልክቱ በየትኛው ፊደል ላይ እንደተቀመጠ ካልታወቀ ምልክቱ ራሱ ትርጉም የለውም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው 4.1 እትም 10 የዜማ ምልክቶችን አካቷል። ያካተታቸው ግን በፊደል ላይ እንደሚያርፉ ተቀጽላዎች ሳይሆን የራሳቸውን ቦታ እንደሚይዙ ነጻ ምልክቶች ነው። ስለዚህ በተራ ጽሑፍ ምልክቱን በፊደሉ አናት ላይ ለማስቀመጥ ያለው መንገድ ሁለት መስመር መጻፍ ነው፤ ከላይ የምልክት መስመር፣ ከታች የንባብ መስመር።

ወርዱ በተለያየ ፎንት ይህ አይሳካም። በሦስተኛው ፊደል ላይ የነበረው ርክርክ ፎንቱ ሲቀየር ወደ አራተኛው ወይም ወደ ሁለተኛው ይሸሻል፤ የገለበጠው ተማሪ የጻፈውን ሌላው ተማሪ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍተው ሌላ ዜማ ያነባል። በእኩል ወርድ ግን በላይኛው መስመር አሥራ ሁለተኛው ቦታ ላይ ያለ ምልክት ምንጊዜም የታችኛው መስመር አሥራ ሁለተኛ ፊደል ነው። ግእዝ ለአንድ ቀለም በአብዛኛው አንድ ፊደል መመደቡ እዚህ ላይ ታላቅ ጥቅም ይሰጣል፤ በላቲን ፊደል እንዲህ ያለው የአንድ ለአንድ አቀማመጥ አይገኝም። ለዚህ የሚበቃ ፎንት ለመሥራት የሚነሣ ነዳፊ ከፊደሎቹ ጋር እነዚህን አሥር ምልክቶች በዚያው ወርድ መሥራት አለበት፤ ይዘት ነጥብ መሰል ስለሆነ ብቻ ቦታው እንዳይጠብ፣ ሂደትም ስለሚረዝም ከቦታው እንዳይወጣ፤ በባዶው ቦታ ላይ የሚጻፈው ክፍተትም ከፊደሉ ጋር አንድ ልክ እንዲሆን።